አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

ፍሪጄን ሊያይ የመጣው ሰውዬ ደንበኛዬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ወተት ሲገዛ የኖረው ከእኔ ነው። የዚያን ማክሰኞ ግን ምንም አልገዛም። በመስኮቱ ፍርግርግ አንገቱን አስግጎ ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች አየና "በሩ ደህና አድርጎ ይዘጋል?" አለኝ። "ይዘጋል፤ ምነው?" አልኩት። "ሐሙስ የምትሄጂ ከሆነ እኔ ልውሰደው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ፣ እባክሽ" አለኝ፣ በትህትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ።

ልብ በሉልኝ፣ ሊዘርፈኝ አይደለም የመጣው። ተራ ሊይዝ ነው። ከእሱ ቀጥላ ፀጉር የምትሠራው ጎረቤቴ መጣችና መደርደሪያዎቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው ወይስ የተበየዱ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "እኔንስ ለምን አብረሽ አትወስጂኝም? ዕቃ ከነባለቤቱ ይሻላል" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሃንስበርግ ከንቲባ ልትመርጥ ነበር። እዚህ ከተማ ከንቲባውን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። ሕዝቡ ካውንስለር የሚባሉትን የምክር ቤት አባላት ይመርጣል፣ ካውንስለሮቹ አዳራሽ ተቀምጠው ከንቲባውን ይመርጣሉ። እኔ በአሳይለም፣ በጥገኝነት ወረቀት የምኖር ሰው ነኝ፤ በሁለቱም ውስጥ የለሁበትም። ሰኞ ዕለት ሦስት ሰዎች ተወዳድረው ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ጠፋ። ትንሹን ያገኘው ሽማግሌ ወደቀና ሁለቱ ለሁለተኛ ዙር ቀሩ። በዚህ መሐል ጭቅጭቅ ተነሣ፣ ወንበር ተወረወረ፣ ስብሰባው ለሐሙስ ተላለፈ። ይኸን ሁሉ ዳቦ እየሸጥኩ በስልኬ አየሁት።

ከቀሩት ሁለቱ አንዷ ሴት ናት። ወረቀትና ምዝገባ ያለው ይነግድ፣ የሌለው ይዘጋ ትላለች። ለእኔ በቂዬ ነው፤ ምዝገባዬን ሦስት ጊዜ ተሰልፌ ጨርሻለሁ። ሌላው ሰውዬ ነው፤ እሱ ወረቀት የሚባል ነገር አይጠይቅም። ከንቲባ ከሆንኩ መጀመሪያ የማደርገው በየሎኬሽኑ ያለውን የባዕድ ስፓዛ በሙሉ መዝጋት ነው ብሎ በየሜዳው ሲናገር ከርሟል። ሎኬሽን የምንለው እኛ የምንነግድበትን የጥቁሮች ሰፈር ነው፤ ስፓዛ ደግሞ እንደ እኔ ያለች የሰፈር ሱቅ ናት። ሰውዬው የተናገረ ቀን ሁሉ ደንበኞቼ ደግ ይሆኑብኛል። ያ ነው የሚያስፈራኝ። መልስ አይቆጥሩም፣ አይከራከሩም፣ እንደ በሽተኛ ነው የሚያዩኝ።

ሱቄ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሎኬሽን ውስጥ በአንዲት አሮጊት ግቢ ነው ያለው። ጎጎ ነው የምላቸው፤ እዚህ አገር አያት የሚጠራው እንደዚያ ነው። እሳቸው ደግሞ ማኮቲ ይሉኛል፣ ምራቴ ማለታቸው ነው። በወር አንዴ ከሌላ ግዛት የሚመጣውን ባሌን ሲያዩት "ይኸ እንግዳ ዛሬም መጣ?" ብለው ይቀልዱበታል። ሲያማቸው ክሊኒክ ወስጄ ተሰልፌላቸዋለሁ፤ ስታመም ገንፎ አምጥተው ካልበላሽ አልሄድም ብለው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ልጃቸው እዚያው ግቢ ከኋላ ባለው ቤት ይኖራል። ካውንስለር ነው፤ ሰኞ የወደቀው የሽማግሌው ፓርቲ ሰው። ፓርቲያቸው ትንሽ ናት። ሰዋቸው ሲወድቅ ለማን እንደሚሰጡ የሚያዛቸው ጠፋ፣ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ነው ተባለ። ሬዲዮው ደግሞ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል እኩል ናቸው፣ በአንድ ሰው ድምፅ ያልቃል ይላል። እኔ ያንን አንድ ሰው አውቀዋለሁ። ልብሱን ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው የሚያሰጣው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ በታክሲ ወደ ትሮይቪል ሄድኩ። የእድራችን ሰዎች እዚያ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቻችን ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጣን ባለ ስፓዛዎች ነን። ሐጂም መጥተው ነበር፤ ከሜይፌር በጅምላ የሚያከፋፍሉን ነጋዴ ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ከሁላችንም ይሻላል። ጸለይን። ከጸሎቱ በኋላ አንዱ ዕቃ እናሽሽ አለ። ሌላው ወዴት አለው። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ይኸን ዓይነት ነገር አልችልም፤ ደሜ ይፈላል። ብድግ ብዬ "ካውንስለሩ እኔ ግቢ ነው ያለው፤ እናቱ እንደ እናቴ ናቸው። ለምን ሽማግሌ አንልክም?" አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አዳራሹ ነፍስ ዘራ። ከሁሉ በላይ መምህር ደስ አላቸው። መምህር የእድራችን ታላቅ ናቸው፤ ሆሳዕና ሰላሳ ዓመት አስተምረው በስተርጅና ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ ሰው። አገር ቤት ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቀዋል፣ እምቢ ያሉ አባቶችን ለምነው ስንቱን አጋብተዋል። እዚህ ግን ከመጡ ጀምሮ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዘው መቀመጥ ብቻ ነው ሥራቸው። "ተባረኪ ልጄ" አሉኝ። "የሽማግሌ ልመና የሚመልስ ሰው እናት አልወለደችም።" ባዶ እጅ አይኬድምና ቡልኮ ይልበስ ተባለ። በእኛ አገር የከበረ ሰው ቡልኮ ነው የሚደረብለት። ቡልኮው ከእኔ ቤት ነው የወጣው። ወንድሜ ለባሌ የላከው ነው፤ ባሌ ገና አላረጀሁም ብሎ ሳይለብሰው ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። አውጥቼ በፀሐይ አናፈስኩት፣ በእጄ ዳበስኩት፣ ደስታዬን አልነግራችሁም።

እሮብ ወደ ማታ ገደማ አራት ሆነው መጡ። መምህር፣ ሐጂና ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች፤ ሁሉም በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሴት ሽምግልና አትቆምምና እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ በመስኮት ነው የማየው። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ሞልቷል። ካውንስለሩ ወጣና ጨበጣቸው። ጎጎ የፕላስቲክ ወንበሮች ይዘው ወጡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ።

መምህር አልተቀመጡም። በአገራችን ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ቤት አይገባም፣ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ቆሞ ማምሸትም ካለበት ያመሻል። ያ ነው ክብሩ። ሐጂ ይኸን በእንግሊዝኛ ሲተረጉሙት ግን እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ "እሺ እስክትለን ድረስ ከዚህ አንነቃነቅም።" ጎጎ ወንበሩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?" አለ ልጃቸው።

"ነገ ድምፅህን ለሴትዮዋ እንድትሰጥ" አሉት ሐጂ።

ፊቱ ሲለወጥ ከመስኮቱ አየሁት። ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። "ይኸ ነገር ውጭ አይወራም። እባካችሁ ወደ ውስጥ ግቡ" አላቸው። መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ ሳትለን አንገባም" አሉ። ካውንስለሩ ይበልጥ ሲለምናቸው እነሱ ይበልጥ ቆሙ፤ እንቢታውን አለሰለስነው እያሉ ነው በልባቸው። እኔም፣ ሞኟ፣ ከመስኮቱ ጀርባ "ጎሽ መምህር! እንዳይቀመጡ!" እላለሁ። መንገደኛው መቆም ጀመረ። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላው ተከተለው። በአጥሩ ላይ ስልኮች ብቻ ሆኑ።

ያኔ መምህር ቡልኮውን ዘርግተው ትከሻው ላይ ደረቡለት። እጁን ወደ ታች እንደለቀቀ ቆመ። ሊጥለው አልደፈረም፤ ሽማግሌ ያለበሰውን መጣል እነሱም ዘንድ ነውር ነው መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ መስኮት አየ። እኔ ደስ ብሎት መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት። ወይኔ! ያቺን እጄን በቆረጣት። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ። አሁን ተቀመጡ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ መምህር አለቀሱ። እሺ ያለው እንዲቀመጡለት መሆኑን ከእኛ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። አገር ቤት ሰው በሽማግሌ ፊት እሺ ካለ አለቀ፤ ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣ አይመልሰውም።

በዚያው ማታ ቪዲዮው በሰፈሩ ሁሉ ስልክ ገባ። አራት ባዕዳን በሩ ላይ ቆመው አንነቃነቅም ሲሉ፣ ጨርቅ ሲደርቡለት፣ እሱ እሺ እሺ እሺ ሲል። ቡልኮው ወፍራም ነው አይደል? በእጥፋቱ ውስጥ ብር ተጠቅልሎ ነበር ተባለ። ካውንስለራችን ተሸጠ ተባለ። ለጎጎ ደውዬ አላነሱልኝም፤ ከቤታቸው እስከ ሱቄ ሃያ እርምጃ ነው፣ እሱንም ለመራመድ ድፍረት አጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጎጎ ለዳቧቸው አልመጡም። በሰባት ዓመት ውስጥ ያልመጡበትን ቀን አላስታውስም። ማዶ ታርጋ የሌላት ነጭ መኪና ቆማለች፣ ውስጧ ሦስት ወንዶች አሉ፤ አይወርዱም፣ አይሄዱም። የአጥሩ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም "ዋጋው ስንት ነው?" ተብሎ ተጽፏል። ካውንስለሩ ሲወጣ በመስኮቱ በኩል አለፈ። "ሳውቦና ቡቲ" አልኩት እንደ ሁልጊዜው፣ ደህና አደርክ ወንድሜ ማለት ነው። አልመለሰልኝም። መኪናው ውስጥ ገባ። እሱ ሲወጣ ነጯ መኪና ተከተለችው።

ስብሰባው ሲጀምር ስልኬን የስኳር ጆንያ ላይ አቆምኩት። ከፍርግርጉ ውጭ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አብረውኝ ያያሉ። ለመግዛት አልመጡም። ፀጉር ሠሪዋ ድምፁን ጨምሪው አለችኝ፣ ጨመርኩላት። ካውንስለሮቹ አንድ በአንድ ስማቸው ይጠራል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ አጥፈው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ምስጢር ነው፤ ማን ለማን እንደሰጠ አይታወቅም። እኔ ሆዬ ይኸን ሳይ ቀለል አለኝ። ማንም ካላየው ለሴትዮዋ ይሰጣል፣ እሺ ብሏላ፣ እያልኩ።

የእሱ ስም ተጠራ። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ወረቀቱን አላጠፈውም። ወደ ካሜራው ዞረና ገልጦ ከፍ አድርጎ ያዘው። ምልክቱ ከሰውዬው ስም ፊት ነው ያለው። አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ ጮኸበት፣ አዳራሹ ተንጫጫ። እሱ ግን ሁሉም እስኪያየው ድረስ እጁን አላወረደም። ከዚያ አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ደጄ ላይ ያሉት ሰዎች አጨበጨቡ።

ሰውዬው በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ለፍሪጁ የመጣው ደንበኛዬ ከሰዎቹ መሐል ነበር። "አይዞሽ" አለኝ። ከልቡ ነበር የሚለኝ፣ ያ ነው የሚያናድደኝ። መስኮቱን ዘጋሁበትና ውስጥ ሆኜ ስሳደብ ቆየሁ። የካውንስለሩን ዘር ማንዘር አንስቼ ሰደብኩ። ቡልኮ ለብሶ፣ ተመርቆ፣ በሽማግሌ ፊት እሺ ብሎ!

ቅዳሜ ጠዋት ጎጎ መጡ። በመስኮቱ አልነበረም የመጡት፤ በጓሮ በር ገብተው ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ቆሙ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ አልተቀመጡም። "ማኮቲ፣ ዕቃሽን እስከ ነገ አውጪ። ካልወጣሽ ቤቱን ከነእኔ እናቃጥላለን ብለው ለልጄ ልከውበታል" አሉኝ። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ ነደድኩ። ሰባት ዓመት ጎጎ ያልኳቸውን ሴት ጮህኩባቸው። "ልጅዎ ነው ያቃጠለን! እሺ ብሎ አታሎን ነው! ለእርስዎ ምን አጓደልኩ? እሱንስ ምን በደልኩት?"

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በቀስታ፣ እንዲገባኝ ቃል በቃል እየለያዩ ተናገሩ። "ሰኞ ማታ ራት ሳቀርብለት፣ እማዬ፣ ሐሙስ ለሴትዮዋ ነው የምሰጠው አለኝ። ወረቀቱ ምስጢር ነው፣ ማንም አያውቅብኝም፣ ማኮቲ ሱቋን አታጣም አለ። ግን እንዳትነግሪያት፣ ወሬ ከወጣ አልችልም አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ወስኖ ነበር እኮ፣ ልጄ። ማንም ሳይለምነው ወስኖ ነበር። እናንተ መጥታችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ። ከዚያ በኋላ ለሴትዮዋ ሰጥቶ በሕይወት የሚገባበት ቤት ነበረው?"

እናቴ ዝም አይነቅዝም እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ እኔ ግን መቼ ሰምቼ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ የእኔ ግን የብብቴ ብቻ አይደለም፣ የዚያን ሁሉ ሰው ነው የጣልኩት። ጎጎ እጄን ያዙኝ። ከዚያ ለቀቁኝና ወጡ። እሁድ ባኪ የሚሏትን ፒክአፕ መኪና ተከራይቼ የቻልኩትን ጫንኩ። ጎጎ መጋረጃቸውን አልገለጡም፤ ከኋላው ቆመው እንደነበር ግን ጥላቸው ያስታውቅ ነበር።

የአዲሱ ከንቲባ ትእዛዝ ወር ሳይሞላው ወጣ። የእኛ እድር ሰው ሱቆች በየተራ ተዘጉ፣ የተዘጉትም ተሰበሩ። ዛሬ ሜይፌር ውስጥ በሐጂ መጋዘን ብርድ ልብስ እየጠቀለልኩ ነው የምውለው። ባሌ ወደ እኔ ነይ ይለኛል፤ እዚያም ምርጫ መድረሱን ይነግረኛል ደግሞ በዚያው አፉ። የጎጎን ስልክ አንዳንዴ እደውላለሁ። ይጠራል፣ አይነሣም።

ለማንም አልተናገርኩም። እሁድ እሁድ ትሮይቪል እንሰበሰባለን፣ ካውንስለሩ በተነሣ ቁጥር ይረገማል። ከሃዲ ነው፣ በልቶ ካጅ ነው ይሉታል። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። የከለከለኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ መምህር ናቸው። የልጃቸው ሱቅ ከተቃጠለ ወዲህ ሰውነታቸው አልቋል፤ ቆመው መጸለይ አይችሉም፣ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ባለፈው እሁድ ስብሰባው ሲያልቅ አጠገባቸው ጠሩኝ። በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"ሁሉም ነገር ሄደ" አሉ። "አንድ ነገር ግን ያጽናናኛል። እጃችንን አጣጥፈን አልጠበቅንም። ሄደን፣ ቆመን ለመንን። ያን ባናደርግ ኖሮ፣ ምናልባት ብንለምነው እያልኩ እየተቃጠልኩ ነበር የምሞተው። ያንን ሐሳብ ያመጣሽልን አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ጌታ ብድርሽን ይክፈልሽ።"

ሁሉም ያየኛል፣ ይጠብቀኛል። "አሜን" አልኩ።